ትምህርት አሥራ ሁለት፦ በልክ የበራ መብራት

ሀ. ቅድመ ንባብ

በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በክፍል ውስጥ ከተወያያችሁ በኋላ ምንባቡን በጥሞና አንብቡ።

1. በሌሊት የሚጓዝ አሽከርካሪ ከመንገዱ ሌላ ምን ምን ነገሮችን መመልከት ያስፈልገዋል? ለምን?
2. በጨለማ ውስጥ የቆየ ሰው በድንገት ኃይለኛ ብርሃን ቢያይ ዓይኑ ምን ይሆናል?
3. “መብራት በበዛ ቁጥር ይሻላል” የሚለው አባባል ሁልጊዜ ትክክል ነውን?

ለ. ምንባብ

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ አንድ ሲሆን አስተዳደሯ ግን ሁለት ነው። ሰሜናዊው ወገኗ በኢትዮጵያ፣ ደቡባዊው ወገኗ በኬንያ የማርሳቢት ካውንቲ ሥር ይተዳደራል። ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ የሚኖረው ሕዝብ በገበያ ይገናኛል፤ በጋብቻም ይተሳሰራል። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ቡርጂኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ በአንድ ገበያ ውስጥ ሲነገሩ ይሰማሉ።

ከኬንያዋ ሞያሌ ተነሥቶ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል ወደ ናይሮቢ የሚያመራው መንገድ ለረጅም ዘመን ጠጠርና አቧራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ዓመታት አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ጉዞው ፈጣን ሆኗል። ነገር ግን የመኪና ፍጥነት በጨመረ ቁጥር አሽከርካሪው አይቶ ለመወሰን ያለው ጊዜ ያንሳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ አሽከርካሪው ደብዛዛ ጌጅ ለማንበብ ለሦስት ሴኮንድ ያህል ዓይኑን ከመንገዱ ቢያነሣ፣ 66 ሜትር ያህል ሳያይ ተጓዘ ማለት ነው። በዚያ ሜዳማ አገር ደግሞ ግመልና ከብት በድንገት መንገድ ሊያቋርጡ ይችላሉ።

በወሰኑ ላይ ሌላም ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር አለ። በኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ መኪና የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ሲሆን በኬንያ የሚነዳው በግራ ነው። ስለዚህ ወሰኑን የተሻገረ አሽከርካሪ ከለመደው መስመር ወጥቶ ያለመደውን መያዝ ግዴታው ነው። ሞያሌ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗም ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጠጋል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይወርዳል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ በአሽከርካሪው ፊት ያለችው ትንሽ መብራት ቀላል ነገር አይደለችም።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ወጣት ነጋዴ በአሮጌ ፒክአፕ መኪና ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት ሸቀጥ ያመላልሳል እንበል። መንገዱ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዳሽቦርዱ መብራት ከቀን ወደ ቀን እየደበዘዘ ሄዶ የፍጥነቱ መለኪያ በጭንቅ ይነበባል፤ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ጌጅ ግን ጨርሶ አይታይም። አንድ ሌሊት የራዲያተሩ ውሃ አልቆ ሞተሩ መጋል ጀመረ። የጌጁ መርፌ ወደ ቀዩ ምልክት ወጥታ ነበር፤ ዳሩ ግን ያያት አልነበረም። ነጋዴው አደጋውን ያወቀው በዓይኑ ሳይሆን በአፍንጫው፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ሲሸተው ነው። ሞተሩ ሳይነክስ መኪናውን ለማቆም የበቃው በዕድል ነው።

በማግሥቱ ወደ ሞያሌ ተመልሶ የመኪና ኤሌክትሪክ ወደሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ሄደ። በእጁም ከገበያ የገዛቸውን አዳዲስ ሰማያዊ የኤል ኢ ዲ አምፖሎች ይዞ ነበር።

“ጋሼ፣ አሮጌዎቹን ሁሉ አውጥተው እነዚህን ያስገቡልኝ። ሻጩ እንደ ቀን ያበራሉ ብሎኛል” አላቸው።

ሽማግሌውም አምፖሎቹን ተቀብለው አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ “ልጄ፣ የምትነዳው በሌሊት ነው፤ ዳሽቦርዱ ቀን ከሆነ መንገዱን በምን ታየዋለህ? ደግሞስ መብራቱ ለምን እንደ ደበዘዘ ሳናውቅ የምንለውጠው ምኑን ነው?” ሲሉ መለሱለት።

የሽማግሌው ጥያቄ ተገቢ ነበር። የዳሽቦርድ መብራት የሚደበዝዝበት ምክንያት ብዙ ነው። የመጀመሪያው የአምፖሉ እርጅና ነው። በአሮጌው ዓይነት አምፖል ውስጥ ከተንግስተን የተሠራ ቀጭን የሽቦ ጥምዝ አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሽቦው ግሎ ያበራል። በጊዜ ብዛት ከሽቦው የሚተነው ተንግስተን በመስተዋቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ስለሚጋገር አምፖሉ ይጠቁራል። ሁለተኛው ምክንያት አቧራ ነው፤ በጠጠር መንገድ ዘመኑን የፈጀ መኪና የዳሽቦርዱ ውስጥ እንደ ወፍጮ ቤት ግድግዳ አቧራ ይለብሳል። ሦስተኛው የአምፖሉ መያዣ መዛግ ነው። አራተኛው ደግሞ የዳሽቦርዱን የኤሌክትሪክ መስመር ከመኪናው የብረት አካል ጋር የሚያገናኘው ሽቦ መላላት ነው። መያዣው ሲዝግ ወይም ሽቦው ሲላላ ለአምፖሉ የሚደርሰው ቮልቴጅ ይቀንሳል። አሮጌው አምፖል በዚህ ረገድ እጅግ ስስ ነው፤ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ብቻ ሲቀንስ ብርሃኑ ሲሶ ያህል ይጎድላል። ከዚህም ሌላ አንዳንዴ ጉዳቱ ምንም ሳይኖር የብርሃን መቀነሻው ቁልፍ ሳይታወቅ ዞሮ ሊገኝ ይችላል።

ሽማግሌው በመጀመሪያ የብርሃን መቀነሻውን ቁልፍ አዙረው ሞከሩ። ከዚያም የባትሪውን ነጌቲቭ ሽቦ ፈቱ። ይህ ሳይደረግ በዳሽቦርድ ውስጥ እጅ ማስገባት ፊውዝ ሊያቃጥል፣ ከዚያም አልፎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ቀጥሎም ብሎኖቹን በካቻቢቴ አንድ በአንድ እየፈቱ በጨርቅ ላይ በተራ አስቀመጡ። ፀሐይ ያደረቀው ፕላስቲክ በቀላሉ ስለሚሰበር ክፈፉን ሳይታገሉ በዝግታ ሳቡት። ከጌጆቹ ጀርባ የመዳብ መስመሮች የታተሙበት ስስ ፕላስቲክ ነበር። ይህ ስስ ነገር አንድ ጊዜ ከተቀደደ መጠገኑ አስቸጋሪ ነው። ነጋዴው በችኮላ “ቶሎ ይሆንልኛል?” ብሎ ቢጠይቃቸው፣ “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከአምስቱ አምፖሎች አንዱ ተቃጥሏል፤ ሦስቱ ጠቁረዋል። አምስተኛው ደኅና ቢሆንም መያዣው ዝጓል። ከብረቱ ጋር የሚገናኘው ሽቦም ላልቶ ነበር። ሽማግሌው ዝገቱን ፋቁ፤ ሽቦውን አጠበቁ፤ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረጉ። ከዚያ በኋላ ስለ አዲሶቹ አምፖሎች መነጋገር ተጀመረ።

ኤል ኢ ዲ ማለት ብርሃን አመንጪ ዳዮድ ማለት ነው። በውስጡ የሚግል ሽቦ የለም። ኤሌክትሪክ ከፊል አስተላላፊ በሆነ ትንሽ ቁራጭ ውስጥ ሲያልፍ ቁራጩ ራሱ ብርሃን ይሰጣል። አሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ እ.ኤ.አ. በ1962 ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ኤል ኢ ዲ ሠርቶ አሳየ። ሰማያዊውን ደማቅ አድርጎ ለመሥራት ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ወሰደ። ይህን ያስገኙት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሰማያዊው ብርሃን ቢጫ ብርሃን በሚሰጥ ቅመም ውስጥ ሲያልፍ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ፣ ዛሬ በየቤቱ የሚበራው ነጭ ኤል ኢ ዲ የዚሁ ሥራ ፍሬ ነው።

የኤል ኢ ዲ ጥቅም በሒሳብ ይታያል። በ12 ቮልት የሚሠራ አንድ ባለ 1.2 ዋት አሮጌ አምፖል 0.1 አምፔር ይወስዳል፤ አምስቱ በአንድነት 6 ዋት ይወስዳሉ። ከዚህ ኃይል አብዛኛው ወደ ሙቀት እንጂ ወደ ብርሃን አይለወጥም። 0.02 አምፔር የሚወስድ ኤል ኢ ዲ ግን የሚያስፈልገው 0.24 ዋት ብቻ ነው። አምስት ኤል ኢ ዲዎች በአንድ አሮጌ አምፖል ኃይል ይበራሉ ማለት ነው። በተጨማሪም የሚሰበር ቀጭን ሽቦ ስለሌለው ኤል ኢ ዲ የመንገዱን ንቅናቄ በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል። አንዳንድ ሰዎች ብርሃን ለመጨመር ሲሉ በ1.2 ዋቱ ፈንታ ባለ 5 ዋት አሮጌ አምፖል ያስገባሉ፤ ሙቀቱ ግን መያዣውንና የጌጁን ፊት ሊያቀልጠው ይችላል።

ይሁን እንጂ ኤል ኢ ዲ የራሱ ጠባይ አለው፤ ጠባዩን ሳያውቁ ማስገባት ሌላ ችግር ያመጣል። አንደኛ፣ ኤል ኢ ዲ ኤሌክትሪክን የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። አሮጌው አምፖል በየትኛውም ወገን ቢገባ ይበራል፤ ኤል ኢ ዲ ግን ፖዘቲቭና ነጌቲቩ ከተገላበጠ አይበራም። አልበራም ተብሎ ከመጣሉ በፊት አውጥቶ ማዞርና እንደገና መሞከር ይገባል። ሁለተኛ፣ ቮልቴጁ ሊስማማ ይገባል። ትንንሽ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቮልት፣ ብዙዎቹ የጭነት መኪኖች ደግሞ በ24 ቮልት ይሠራሉ፤ ለ12 የተሠራው በ24 ላይ ቢገባ ይቃጠላል። ሦስተኛ፣ አንዳንዱ ኤል ኢ ዲ ብርሃኑን የሚልከው ወደ ፊት ለፊቱ ብቻ ስለሆነ የጌጁ አንድ ቦታ ደምቆ ሌላው ይጨልማል፤ ስለዚህ ወደ ጎንም የሚያሰራጨውን መምረጥ ይሻላል።

አራተኛው ነገር ቀለም ነው። የዚያ መኪና ዳሽቦርድ አረንጓዴ ማጣሪያ ነበረው። አረንጓዴ ማጣሪያ በአብዛኛው የሚያሳልፈው አረንጓዴ ብርሃን ነው። ከኋላው ቀይ ኤል ኢ ዲ ቢደረግ ብርሃኑ በማጣሪያው ይዋጣል፤ ጌጁም ይጨልማል። ሰማያዊውም ቢሆን አይስማማውም። ከዚህም ሌላ ኃይለኛ ሰማያዊ ብርሃን በሌሊት ዓይንን ያጭበረብራል። የሰው ዓይን ጨለማን በሚገባ እስኪለምድ ድረስ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ይህን ልማድ አንድ ብልጭታ በቅጽበት ያፈርሰዋል። የዳሽቦርዱ ብርሃን ሲበዛ ደግሞ በፊት መስተዋት ላይ ስለሚያንጸባርቅ መንገዱን ይጋርዳል። በዚህም ምክንያት ሽማግሌው ሰማያዊዎቹን ለነጋዴው መልሰው፣ ወደ ቢጫ የሚያደላና ብርሃኑ መጠነኛ የሆነ ነጭ ኤል ኢ ዲ አስመረጡት። የብርሃን መቀነሻው ቁልፍ የተሠራው ለአሮጌ አምፖል ስለሆነ ለኤል ኢ ዲ እምብዛም ላይታዘዝ ይችላል፤ ስለዚህ ከመነሻው መጥኖ መግዛት ይበጃል።

ነጋዴው በዚህ ተስማምቶ፣ “እንግዲያስ ያችንም ቀይ የባትሪ ምልክት ይለውጡልኝ” ሲል ለመናቸው። ሽማግሌው ግን እንቢ አሉ። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ያች ትንሽ ቀይ መብራት ሥራዋ ማስጠንቀቅ ብቻ አይደለም። አልተርኔተሩ ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንዲጀምር የሚቀሰቅሰው የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። በቦታዋ ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ የሚያሳልፍ ኤል ኢ ዲ ቢገባ አልተርኔተሩ ሳይቀሰቀስ ሊቀር፣ ባትሪውም ሳይሞላ ሊያልቅ ይችላል። የከፋው ደግሞ አዲሱ መብራት ተገልብጦ ቢገባና ባይበራ ነው፤ በዚያን ጊዜ ነጋዴው ሁሉ ነገር ደኅና የሆነ ይመስለዋል፤ በሜዳው መካከል፣ በሌሊት፣ የፊት መብራቱ ጭምር እስኪጠፋ ድረስ አያውቅም። ስለዚህ የማስጠንቀቂያ መብራቶች አምራቹ ባዘዘው ዓይነት አምፖል እንዲቀጥሉ ማድረግ የጥንቁቅ ሰው ሥራ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ገና ቀን ነበር። ነጋዴው ቁልፉን ሊቀበል እጁን ቢዘረጋ ሽማግሌው፣ “የሌሊት መብራት በቀን አይፈተንም” አሉት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አብረው በመኪናው ውስጥ ተቀመጡ። ቀዩዋ የባትሪ ምልክት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በራች፤ ሞተሩ ሲነሣ ጠፋች። ጌጆቹ አንድ በአንድ ይነበባሉ፤ የሙቀቱ መርፌ በቦታዋ ናት። የፊት መስተዋቱም ጥርት ብሎ የውጭው ጨለማ ሳይጋረድ ይታያል። ነጋዴው ዳሽቦርዱን ለአንድ አፍታ ተመልክቶ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። የዚያች መብራት ተግባርም ይኸው ነበር፤ ለአፍታ ታይታ ዓይንን ለመንገዱ መልቀቅ።

ሐ. የምንባብ ጥያቄዎች

ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. በሞያሌ ወሰኑን የሚሻገር አሽከርካሪ የሚነዳበትን መስመር መለወጥ የሚገባው ለምንድን ነው?
2. ነጋዴው የሞተሩን መጋል በዓይኑ ሊያውቅ ያልቻለው ለምንድን ነው?
3. የዳሽቦርድ መብራት እንዲደበዝዝ የሚያደርጉትን ምክንያቶች በቅደም ተከተል ዘርዝሩ።
4. ሽማግሌው ሥራቸውን ሲጀምሩ የባትሪውን ሽቦ የፈቱት ከምን አደጋ ለመጠበቅ ነው?
5. በአረንጓዴ ማጣሪያ ጀርባ ቀይ ኤል ኢ ዲ ቢገባ ምን ይሆናል? ለምን?
6. ሽማግሌው ቀይዋን የባትሪ ምልክት አልለውጥም ያሉበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
7. አንድ ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ስምንት ባለ 1.2 ዋት አምፖሎች አሉት። ሁሉም አንድ ላይ ሲበሩ ስንት ዋት ይወስዳሉ?
8. “የሌሊት መብራት በቀን አይፈተንም” የሚለው የሽማግሌው ንግግር ከመኪና ጥገና ውጭ በምን በምን ጉዳይ ላይ ሊነገር ይችላል?

መ. የቃላት ጥናት

ለሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ በገቡበት አገባብ ፍቺ ስጡ፤ ከዚያም እያንዳንዳቸውን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።

1. በጭንቅ
2. ይጋገራል
3. ሲሶ
4. ያጭበረብራል
5. ይጋርዳል
6. መጠነኛ
7. እምብዛም
8. የሚቀሰቅሰው

ለሚከተሉት ቃላት ደግሞ ተቃራኒያቸውን ጻፉ፦ ደብዛዛ፣ ላላ፣ ስስ፣ ጥንቁቅ፣ ችኮላ።

ሠ. ሰዋስው፦ የማይሻገርና ተሻጋሪ ግስ

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

መብራቱ ደበዘዘ።
አቧራው መብራቱን አደበዘዘው።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ድርጊቱ በባለቤቱ ላይ ብቻ ይቀራል፤ ያደበዘዘው ነገር ምን እንደ ሆነ አይነገርም። እንዲህ ያለው ግስ የማይሻገር ግስ ይባላል። በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ግን ድርጊቱ ከባለቤቱ፣ ማለትም ከአቧራው፣ ወደ ተሳቢው፣ ማለትም ወደ መብራቱ፣ ይሻገራል። እንዲህ ያለው ግስ ተሻጋሪ ግስ ይባላል። ከማይሻገሩት ግሶች ብዙዎቹ በመነሻቸው ላይ “አ” ሲጨመርባቸው ተሻጋሪ ይሆናሉ። ምሳሌ፦ በራ፣ አበራ፤ ሞቀ፣ አሞቀ፤ ጠቆረ፣ አጠቆረ፤ ላላ፣ አላላ።

በምንባቡ ውስጥ ነጋዴው “መብራቱ ደበዘዘ” በሚለው ላይ ሲቆም ሽማግሌው “ያደበዘዘው ምንድን ነው?” ወደሚለው ተሻግረዋል። ጉዳትን ለመጠገን የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ዓይነት ዐረፍተ ነገር አይበቃውም።

መልመጃ 1፦ የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች በቅንፍ ውስጥ ያለውን ቃል ባለቤት በማድረግ በተሻጋሪ ግስ እንደገና ጻፉ።

ሀ. ፕላስቲኩ ደረቀ። (ፀሐይ)
ለ. መያዣው ዛገ። (እርጥበት)
ሐ. ፊውዙ ተቃጠለ። (የተላጠው ሽቦ)
መ. የጌጁ ፊት ቀለጠ። (ሙቀቱ)

መልመጃ 2፦ በራ፣ አበራ፣ አብራራ፣ ብርሃን፣ መብራት፣ ብሩህ፣ ማብራሪያ የሚሉት ቃላት የአንድ ቤተሰብ ቃላት ናቸው። ግስ የሆኑትን፣ ስም የሆኑትንና ቅጽል የሆነውን ለይታችሁ በሰንጠረዥ አስቀምጡ። “አበራ” እና “አብራራ” በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን የትርጉም ልዩነት በምሳሌ አስረዱ።

ረ. ድርሰት

በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ተበላሽቶ የተጠገነ አንድ ዕቃ ምረጡ። ዕቃው እንዴት እንደ ተበላሸ፣ ምክንያቱ እንዴት እንደ ተገኘና ጥገናው በምን ቅደም ተከተል እንደ ተካሄደ ከ150 እስከ 200 ቃላት ባለው ድርሰት ጻፉ። በድርሰታችሁ ውስጥ “ስለዚህ”፣ “ይሁን እንጂ”፣ “ከዚህም ሌላ” እና “በዚህም ምክንያት” የሚሉትን አያያዦች በተገቢው ቦታ ተጠቀሙ። ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ፣ ዕቃውን አይቶ የማያውቅ ጓደኛችሁ ድርሰቱን አንብቦ የብልሽቱን ምክንያት መናገር ይችል እንደ ሆነ ፈትኑት።